የተገለበጠ ጀልባ

ቢቸና ሐምሌ ከገባ በኋላ ሰው ቤት ሄዶ መቀመጥ ሙያ ይጠይቃል። ልምድ ያለው እንግዳ ደፉን እንደተሻገረ «እንደምን ዋላችሁ» እያለ መጀመሪያ ዓይኑን ወደ ጣራው ይሰዳል፤ ቀጥሎ ወለሉ የቱ ጋ እንደጠቆረ ያያል፤ በመጨረሻ አልጋው የት እንደቆመ ይመለከታል። የቤቱን ምስጢር የሚያወጣው አልጋ ነው። በበጋ ጥግ ይዞ የከረመ አልጋ ድንገት መሃል ቤት ከተገኘ፣ ባለቤቶቹ አዲስ የቤት አቀማመጥ አምሯቸው አይደለም። ልምድ የሌለው እንግዳ፣ በተለይ ከአዲስ አበባ የመጣ ከሆነ፣ «ኧረ እኔ እዚህ ይሻለኛል» ብሎ ያቀረቡለትን ወንበር ይተውና ሰፋ ያለ የመሰለውን ቦታ ይይዛል። ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ አንዲት ጠብታ ከኮሌታው ሥር ትገባለች። ባለቤቶቹ አይተዋታል፤ አይናገሩም። እንግዳውም ይሉኝታ ይዞት አይናገርም። አንገቱን ሰበር አድርጎ «ዘንድሮ ጤፉ እንዴት ይዟል?» ይላል።

እኛ ቤት ዕቃ ሁሉ የክረምት ሹመት አለው። ሳፋው አልጋው ግርጌ ይሾማል፤ ባልዲው ጓዳው በር ላይ፤ አንገቱ የተቆረጠው ቢጫ ጀሪካን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፤ ጆጉ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ እዚያ የምትወርደው ቀጭን ስለሆነች። በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን ባለቤቴ «የሽሮው ድስት የት ገባ?» ብትለኝ «ሥራ ላይ ነው» አልኳት። ሌሊቱ የሚተዳደረው በጆሮ ነው። ባዶ ሳፋ ጠብታ ሲያርፍበት ይጮኻል፤ እየሞላ ሲሄድ ድምፁ ይወፍራል፤ ሊፈስ ሲል ጭራሽ ዝም ይላል። ባለቤቴ እንቅልፍ ላይ ሆና «ባልዲው ዝም አለ» ትላለች፤ እኔ ዓይኔን ሳልገልጥ እነሣለሁ፣ ደፍቼ እመለሳለሁ። ጠዋት ማናችንም አናስታውሰውም።

ጣራው የሚያፈስበት ሰው አማካሪ አያጣም። አንዱ ጎረቤቴ ሬንጅ አቅልጠህ ቀባው ይላል። ሌላው፣ ሹፌር ነው፣ ሳሙና ጠቅጥቅበት ይላል፤ የነዳጅ ጋን ስትቀደድ መንገድ ላይ በሳሙና ደፍኖ ስንት ጊዜ ቤቱ እንደገባ ይተርካል። ግንበኛው በሲሚንቶ ነው የሚያምን፤ ግንበኛ በሲሚንቶ የማይድን በሽታ አያውቅም። መምህሩ ስለ ሲሊኮን ያስረዳል፤ የቱ ሱቅ እንደሚገኝ ሲጠየቅ ግን «እሱ እንኳን አዲስ አበባ ነው» ይላል። መሪጌታ ብቻ ናቸው መድኃኒት ሳይሆን መጽናኛ ይዘው የሚመጡ። «ላሊበላ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ ስንጥቁ ውሃ እያስገባ ቸገረ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአውሮፓ ኅብረት በተገኘ ገንዘብ አራት ታላላቅ መጠለያ ቆሞለታል። አንተ በቆርቆሮ ምን ልትሆን አማረህ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እሳቸውም ይህን የሚሉኝ ጃንጥላቸውን ቤት ውስጥ ዘርግተው ነው።

እነዚህ አማካሪዎች በሁሉም ነገር ቢለያዩ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ውሃው ከሚንጠባጠብበት ቦታ በቀጥታ ወደ ላይ ጣታቸውን ቀስረው «እዚያ ላይ ነው» ይላሉ። መሰላል ይቆማል፣ አንድ ጎረምሳ ይወጣል፣ እዚያ ላይ ሬንጁ ይቀባል። በሚቀጥለው ዝናብ ጠብታዋ ክንድ ያህል ተጠግታ ሌላ ቦታ ትወርዳለች። ሳፋው ይከተላታል።

አጠገባችን ያሉት አሮጊት ይህን ሁሉ ሲያዩ «ሳር ቤት እንዲህ ሰው አያዋርድም ነበር» ይላሉ። በዚህ ጉዳይ ከሳቸው ጋር ልከራከር አልችልም። የሳር ክዳን ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ውሃው ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ጊዜ የለውም፤ ከሳር ወደ ሳር እየተንሸራተተ ከጠርዙ ይወድቃል። ከሥር ደግሞ ምድጃው ሌት ተቀን ሲጨስ ጥቀርሻው ሳሩን ያጠቁረዋል፣ ምስጡንና ነቀዙን ያባርራል፣ እርጥበቱን ያደርቃል። ቤተሰቡ ዓይኑ እያለቀሰ ጣራው ይጠበቃል ማለት ነው። እዚህ ቅርባችን ዲማ ጊዮርጊስ ስንት ሊቅ የወጣው ከእንዲህ ያለ የተማሪ ጎጆ ነው። ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ በመጣ ጊዜ ልጅ የሚያጩ ሽማግሌዎች ስለ ሙሽራው ሲያወሩ «ቆርቆሮ ቤት አለው» ካሉ ነገሩ አለቀ። ቆርቆሮው ያፈሳል ወይ ብላ የጠየቀች የሙሽሪት እናት ግን አልሰማሁም።

የእኛን ቤት ያስከደኑት አባቴ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማረው። ነጋዴው ባለ 28 እና ባለ 35 ጌጅ አቅርቦ ቢያማርጣቸው «ዋጋው ከቀነሰ፣ ቁጥሩም ከበለጠ፣ ምን ይጠየቃል» ብለው 35ቱን አስጭነው መጡ ይባላል። የጌጅ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ የነገራቸው ሰው የለም። ቢነግራቸውም አያምኑትም ነበር፤ አባቴ ነጋዴ ያስረከሰውን ነገር እንጂ ያስወደደውን አምነው አያውቁም።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሃል ነው የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር የመጣው። የእህቴ ልጅ ጀልባ ይጠግናል። ቢቸና ላይ ይህን ሙያ ማስረዳት ቀላል አይደለም። የእኛ አገር ሰው ዓባይን የሚያውቀው ወደ ታች በማየት ነው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ። ውሃ ላይ ተቀምጦ የሚኖር ሰው አለ ሲሉት «ምን በደለ?» ብሎ ነው የሚጠይቅ። ባለቤቴም መጀመሪያ የጠየቀችው «ገንዘብ አለው?» ብላ ነው። ልጁ ግን ሥራውን ይወዳል። በተለይ አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ ሲያነሣ ዓይኑ ይበራል።

ፋይበርግላስ ማለት፣ እሱ እንዳስረዳኝ፣ ከመስታወት የተፈተለ ክር ተነጥፎ ሪዚን በሚሉት ሙጫ ተነክሮ የደረቀ ነው። ጣና ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት የደንገል ታንኳ አለ፤ ታንኳ አያፈስም፣ ምክንያቱም ቀድሞውኑ ውሃውን አያግድም። እሱን የሚያንሳፍፈው ራሱ ደንገሉ ነው፤ ውሃው ከሥር ይገባል፣ ከጎን ይወጣል። ነገር ግን እየጠጣ ይከብዳልና ከሥራ መልስ ፀሐይ ላይ ማስጣት ግድ ነው፤ እንዲያም ሆኖ በጥቂት ወራት ይበሰብሳል። ስለዚህ የታንኳ ባለቤት ሁልጊዜ ንቁ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሆላንዷ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ከኡርክ በመጣ እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ ከገባ ወዲህ ግን ጀልባው ቋሚ ንብረት ሆነ። ፋይበርግላስ ደግሞ አይበሰብስም፣ አይዝግም፣ ምስጥ አይበላውም። ባለቤቱም ይህን ስለሚያውቅ አንድ ጊዜ ከገዛው በኋላ ዞር ብሎ አያየውም።

የእህቴ ልጅ ስለ አንዲት አሮጌ ጀልባ የነገረኝን ላውጋችሁ። ቀረሶና አምባዛ የሚያጠምዱ ሰዎች ጀልባ ነች። ጠዋት ጠዋት ውሃ ይገባባታል። ከሠራተኞቹ አንዱ መረብ ይጥላል፣ አንዱ ሞተር ይይዛል፣ ሦስተኛው በጣሳ ውሃ ይጨልፋል፤ የጨላፊው ድርሻ ከአጥማጁ ድርሻ እኩል ይሁን አይሁን ጭቅጭቁ ሽማግሌ ያስቀምጣል። ባለቤቱ ከሆዷ ሥር ያላስለጠፈው ነገር የለም። ዙሪያዋን ተለጥፎ ታችዋ ከላይዋ ሁለት እጥፍ ወፍሯል። ያም ሆኖ ታፈሳለች። አስገራሚው፣ ታፈሳለች ሲሉ ሁልጊዜ አይደለም። ዓሣ ያልተገኘ ዕለት ደረቅ ነች። ብዙ ዓሣ የተገኘ ዕለት ግን ታለቅሳለች። ባለቤቱ ጸበል አስረጭቷታል።

የእህቴ ልጅ ጀልባዋን ከውሃ አስወጥቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጣትና ወደ ውስጧ በባልዲ ውሃ ያስሞላ ጀመር። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ውሃ አስቸገረኝ ያለ ሰው ውሃ ይሞላለታል? ነገሩ ግን ብልሃት ነው። ጀልባ ውሃ ላይ ሳለች ቀዳዳዋ አይታይም፤ የብስ ላይ ሆና ከውስጥ ስትሞላ ግን በገባበት ቀዳዳ ይወጣልና ውጭ ቆሞ ማየት ይቻላል። ሞሉ፣ ሞሉ፤ ከሆዷ አንዲት ጠብታ አልወጣም። ያ ሁሉ ልጥፍ ጤነኛ ቦታ ላይ የተለጠፈ ነበር። ውሃው ከፍ ብሎ ጠርዟ ሊደርስ ሲል ግን የታችኛው አካሏና የላይኛው ክዳኗ የሚጋጠምበት፣ ብሎን በተርታ የተመታበት ቦታ ላይ ወዝ ጀመረ። አሮጌ ብሎን፣ ዙሪያው የተሰነጠቀ፣ ማሸጊያው ደርቆ የረገፈ። ጀልባዋ ባዶዋን ስትሆን ይህ ቦታ ከውሃው በላይ ነው። ዓሣ ስትጭን ዝቅ ትላለች፣ ማዕበሉ እዚያ ይደርሳል፣ ይገባል። የገባው ውሃ ደግሞ ከወለሏ ሥር ያለውን ስፖንጅ መሰል ፎም ያጠጣዋል። ፎሙ ሲጠጣ ጀልባዋ ትከብዳለች፤ ስትከብድ ይበልጥ ዝቅ ትላለች፤ ዝቅ ስትል ይበልጥ ትጠጣለች።

ልጁ ይህን ተርኮ ሲጨርስ ቀና ብሎ ጣራችንን አየና «ጋሼ፣ ይኼኮ የተገለበጠ ጀልባ ነው» አለኝ።

ሰማይ ጠራ ባለበት ቀን ምርመራው ተጀመረ። መጀመሪያ በሩንና መስኮቱን ዘጋግቶ እኔንና ባለቤቴን ጨለማ ውስጥ አስቆመን። እኩለ ቀን ላይ ቤታችን በኮከብ ተሞላ። ባለቤቴ «በስመአብ!» አለች። እዚያ ቤት ስንት ዘመን ስንኖር ቀና ብለን አይተን አናውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ የምናየው ወደ ሳፋው ነው። ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ሁሉ ግን ውሃ አያስገባም ይላል ልጁ፤ ውሃ የሚያስገባውም ሁሉ ብርሃን አያሳይም። ለምሳሌ ሁለት ቆርቆሮ ተነባብሮ በጥቂቱ ብቻ ሲደራረብ መሃላቸው ያለችው ቀጭን ክፍተት ውሃን ወደ ላይ ትስባለች፤ ውሃ ሽቅብ ወጥቶ በማዶ ይወርዳል። ዳገት የሚወጣ ውሃ ሰምቼ ስለማላውቅ አላመንኩትም። ሁለት የመስኮት መስታወት አጣብቆ ሳህን ውሃ ውስጥ አቆመና አሳየኝ፤ ወጣ። ይህን ካየሁ በኋላ በብዙ ነገር ላይ ያለኝ እምነት ተናግቷል።

ቀጥሎ ጣራ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ እስካሁን ያወራዋል። ምስማሮቹ ግማሾቹ የተመቱት በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ሳይሆን በጎድጓዳው ነው፤ ውሃ ደግሞ የሚሄደው በጎድጓዳው ነው። እያንዳንዷ ምስማር የራሷ ምንጭ ነበረች። በትክክል የተመቱትም ላልተዋል። የእኛ አገር በጋ ቀን ቆርቆሮውን ያግለዋል፣ ሌሊት ያቀዘቅዘዋል፤ ሁለት ሜትር የሆነ ቆርቆሮ በ40 ዲግሪ ልዩነት ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ይመለሳል። በየቀኑ ሲሳብ ሲመለስ ምስማሩን እየነቀነቀ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የቢቸና ዋልካም ድርሻ አለው፤ በበጋ ደርቆ እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጠጥቶ ያብጣል፤ በላዩ የቆመው ቤት አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወርዳል፣ ጣራው ከግድግዳው ጋር ይጣላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል በመደራረቢያው ተከምሮ እርጥበት ይዞ አዝጎታል። አንዷ ቀዳዳ ግን ለብቻዋ ነች፤ ክብ፣ ጠርዟ ወደ ውስጥ የታጠፈ። ልጁ ከላይ «ይቺ ደግሞ ምንድን ነች?» ሲል ታች የቆመው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ሁላችንም አውቀናታል፤ የጎረቤት ሠርግ ነች። በእኛ አገር ሲደሰቱ ጥይት ወደ ሰማይ ይተኮሳል፤ ሰማይ ግን አይቀበልም፣ ይመልሳል። የሙሽራው አባት እዚያው ቆመው ነበር። «የቆየች ትመስላለች፣ የጣልያን ጊዜ ሳትሆን አትቀርም» አሉ። ቤቱ የተሠራው ከጣልያን በኋላ መሆኑን ያነሣ የለም።

ከዚያ የውሃው ፈተና መጣ። ጣራ እንደ ጀልባ ውሃ አይሞላም፤ ስለዚህ ከላይ በጀሪካን ይፈስሳል፤ ግን ከታች ከጠርዙ ተጀምሮ እየተራመዱ ወደ ላይ ነው የሚኬድ፣ ከአናቱ ከጀመሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይረጥብና የቱ እንዳስገባ አይለይም። አፍሳሹ ልጅ ጣራው ላይ፣ እኔ መሰላሉ ላይ፣ ባለቤቴ ቤት ውስጥ፣ መሪጌታ በሩ ላይ መልእክት አስተላላፊ ሆነው ቆሙ። ባለቤቴ «መጣ!» ትላለች። መሪጌታ «መጣ ትላለች!» ይላሉ። እኔ «መጣ!» እላለሁ። ልጁ «የት ነው የመጣው?» ይላል። ጥያቄው ወርዶ መልሱ እስኪመለስ ውሃው ሌላ ቦታ ደርሷል። በዚያ ላይ ባለቤቴ በከተማው ቧንቧ ውሃ ጠፍቶ በስንት ጥበቃ የሞላነው ጀሪካን ጣራ ላይ ሲደፋ አንጀቷ እያረረ ስለነበር «መጣ» ያለችው አንዳንዴ ይበቃል ለማለት ነው። በመጨረሻ ግን ተገኘ። አልጋችን ግርጌ የምትወርደው ጠብታ የምትገባው በወዲያኛው ክንፍ፣ ከጓዳው በላይ ነበር። ከምስማር ገብታ፣ ማገሩን ተከትላ፣ ቤቱን አቋርጣ፣ ማገሩ ቋጠሮ ያለበት ስትደርስ ነው የምትወድቀው። ከአልጋው በላይ ያለው ባለ ብዙ ድርብ ሬንጅ ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

የሙሽራው አባት ጉዳዩን ለማስረሳት ይመስለኛል ወሬውን ወደ ታላቁ ግድብ ወሰዱት። እኛ በባልዲ የምንደፋው ውሃ በሱሃም ሆነ በሙጋ አድርጎ ዓባይ መግባቱ፣ ከዚያም ጉባ መድረሱ አይቀርም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ነው የተሠራው። «ይህን ሁሉ ያገደ አገር የአንድ ቤት ጣራ አቅቶት?» አሉ። የእህቴ ልጅ ከላይ ሆኖ መለሰላቸው። ዋናው ግድብ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሐይቁ ሲሞላ በጎን ባለው ዝቅተኛ ቦታ ዞሮ ይሄድ ነበር፤ 5 ኪሎ ሜትር የሚያህለው ኮርቻ ግድብ የተሠራው ለዚያች ዝቅ ያለች ጠርዝ ነው። ሰው ፎቶ የሚነሣው ዋናው ጋ ነው፤ መሐንዲሱ እንቅልፍ የሚያጣው ስለ ጠርዙ ነው። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼ ልጅ ቅኔ ቢማር ይሻለው ነበር» አሉ።

ሰፈሩ የጠበቀው ልጁ ከባሕር ዳር ያመጣውን የመስታወት ጨርቅና ሙጫ አውጥቶ ጣራችንን ጀልባ ሲያደርገው ለማየት ነበር። እሱ ግን አሻፈረኝ አለ። ሪዚን እርጥብ ነገር ላይ አይዝም፤ በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ላይም አጥብቆ አይጣበቅም፤ ቆርቆሮው ሲሳብ ሲመለስ ልጣፉ ይላቀቃል። ጀልባ ላይ እንኳ ሥራው የሚያልቀው ከመለጠፉ በፊት ነው። የበሰበሰው ይቆረጣል፣ የጠጣው ፎም ይወጣል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ዙሪያው በብርጭቆ ወረቀት እየሳሳ እንዲሄድ ይፋቃል፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ለወፈረ አካል በየጎኑ እስከ 12 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ በአሴቶን ይጠረጋል፣ ከዚያ ሙጫው በልኩ ከማጠንከሪያው ጋር ይደባለቃል፤ ማጠንከሪያው ከበዛ ይቃጠላል፣ ካነሰ እንደ ማር ሆኖ ይቀራል። «ደንበኛ ግን የሚከፍለኝ ለመጨረሻዋ ሰዓት ነው» ይላል፤ «ሁለት ቀን የፋቅሁትን እንደ ሥራ አይቆጥሩልኝም።» ለእኛ ጣራ ያዘዘው ጉጠት፣ ረዘም ያለ ምስማርና የጎማ ሮንዴላ ነው። የላላውን ነቅሎ በአዲስ ጉብታ ላይ መታ፤ የዛገውን ቆርጦ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር የሚገባ ቁራጭ አስገባበት፤ ቅጠሉን ጠረገ። የሠርጓን ቀዳዳ በራሷ ሮንዴላ አክብሮ ዘጋት። ሰው ተስፋ ቆርጦ ተበተነ። መድኃኒት ነው ብሎ መጥቶ ምስማር ስላየ አዘነ።

«ይህን ሥራ ግንቦት ላይ ብትጠሩኝ ግማሽ ቀን ነበር» ቢለን ባለቤቴ ሳቀች። ግንቦት ላይ ስለ ጣራ ማን ያስባል? ግንቦት ልደታ አለ፣ እርሻ አለ፣ አልጋው ጥጉን ይዟል፣ ድስቶቹ ድስት ናቸው።

ልጁ ወደኛ ሲመጣ መንገዱ በሞጣ ስለሆነ አክስቴ ቤት አድሮ ነበር፤ የሳቸውን ጣራ ሳይነካ የመጣው ግን ንቆ አይደለም። አክስቴ የራሳቸውን ዘዴ ፈጥረዋል። ከቆርቆሮው ሥር የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተው፣ ላዩን ላስቲክ አልብሰው፣ በኮርኒስ ፈንታ ዘርግተውታል። ውሃው ከላይ እንደፈለገ ይገባል፣ ላስቲኩ ላይ ይጠራቀማል፣ ሆዱ እየተነፋ ወደ ታች ይወርዳል። አክስቴ መቋጠሪያውን ቀናና ጎበጥ እያደረጉ ውሃው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ፣ ከምድጃው ወዲህ እንዲመጣ አድርገውታል። ሲሞላ ባልዲ ያስጠጉና እንዝርታቸውን አንሥተው ከሥሩ ወጋ ያደርጉታል። ሲጨርስ ቀዳዳዋን በቡሽ ይወትፏታል። የእህቴ ልጅ ይህን ሲያይ ተነሥቶ እጃቸውን ሳመ። ደህና ጀልባ ሁሉ ከኋላው የገባውን ውሃ ማውጫ ቀዳዳና ቡሽ አለው፤ አክስቴ ጣናን በዓይናቸው ሳያዩ ደረሱበት። «ልስራልዎ?» ቢላቸው «ምኑን?» አሉት።

አክስቴ በጥገና ላይ ያላቸው ጥርጣሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ከሞጣ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ጎንደር አንዳቤት የሚሻገረው ሰው ሰባራ ድልድይን ያውቃል። ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ የቆመው የድንጋይ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መሃሉ ተሰብሮ፣ ለአሥርት ዓመታት ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ከወዲያ ወዲህ ሲጎተት ኖረ። በ1994 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ፣ ኬን ፍራንትዝ፣ ያንን የገመድ መሻገሪያ መጽሔት ላይ በፎቶ አይቶ መጣና ከባልደረቦቹ ጋር የተሰበረውን መሃል በብረት ገጠመው። በ1997 ዓ.ም. ዓባይ ሞልቶ ብረቱን ይዞት ሄደ። ሰዎቹ ተመልሰው በ2001 ዓ.ም. የሠሩት ግን ሰባራውን መጠገን ትተው ሙላት ከማይደርስበት ከፍታ የተንጠለጠለ አዲስ ድልድይ ነው። አክስቴ ይህን ሁሉ ሰምተው የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «አልኳችሁ፤ ከውሃ ጋር እልህ አይገባም፤ ዘወር ብሎ ማሳለፍ ነው።» የቢቸና ዝናብ ከሞጣ ዝናብ ይበልጣል ስላቸው ግን አይቀበሉኝም። የሳቸው ባልዲ ይበልጣል።

ልጁ ምስማሩን መትቶ በወረደ ማግሥት ሌሊት ደህና አድርጎ ጣለ። እኔና ባለቤቴ ተኝተን እናዳምጣለን። ከላይ ቆርቆሮው ይጮኻል፤ ከታች ምንም የለም። እንቅልፍ እምቢ አለን። ስንት ዓመት ጆሯችን የለመደው ሳፋ፣ ጆግ፣ ድስት፣ ሁሉም ዝም አለ፤ ዝም ሲል ደግሞ ሞልቷል ማለት ስለነበር ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ጎሸመችኝ፣ እኔም ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ባዶ ባልዲ ደፍቼ መጣሁ። ጠዋት መሪጌታ መጡ፤ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ገቡ፣ ቀና ብለው አዩ፣ አጠፉት፣ የት እንደሚያስቀምጡት ግራ ገባቸው።

ትልቁ ችግር የመጣው ልጁ ሻንጣውን ሲያነሣ ነው። ባለቤቴ ቁርስ አቅርባለት ስታበቃ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ «የኔ ዓለም፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለችው። ቧንቧው ከጠፋ ቆይቷል። እስከ አሁን ልብስ የሚታጠበው፣ ወለል የሚጠረገው፣ ቡና የሚለቀለቀው ሳፋው በሚያጠራቅመው ውሃ ነበር። «ያቺን በጓዳው በር የምትወርደውን ክፈትልኝ። ሌላው ይቅር። እሷ እንኳ ንጹሕ ነች፣ ሬንጅ አልነካትም።»

ልጁ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ሳፋው አየሁ።

«እትዬ፣ ለሱ አሸንዳ አለ እኮ» አላት። «ከጣራው ጠርዝ ይሰቀላል፣ ውሃውን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ ወደ በርሜል ያወርዳል። ከጓዳዋ ቀዳዳ መቶ እጥፍ ይሰጥሻል።»

«ስንት ይፈጃል?»

ነገራት። ባለቤቴ ጥቂት ዝም አለች።

«በል እንግዲያው» አለችው፣ እንጀራውን እየጨመረችለት፣ «አሸንዳው እስኪገዛ ድረስ እሷን ክፈታት።»